ዘይቱ ያልገባበት ድንጋይ

«ወይ እርጂኝ፣ ወይ በሩን ጠብቂልኝ!» አለች ራዲዮ። በእጇ የያዘችው ስሪንጅ በጥቁር ዘይት ተሞልቷል።

ሚጢጢ አንዱንም አላደረገችም። ሚጢጢ ይበሏት እንጂ ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ ረጅሟ እሷ ናት። ስሙን ያወጣችላት ራዲዮ ናት፤ ለራዲዮ ደግሞ ስም ያወጣላት የገዛ አፏ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተው ተቀምጠው አያውቁም። አሁን ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዶ ቤተ ሙከራው ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዘይቱን ልረዳው ነዋ! ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቅነው፣ አልወጣም። ነገ ጠዋት ደግሞ እናቀርባለን።»

ጠረጴዛው ላይ ለሳይንስ ፕሮጀክታቸው ያዘጋጁት የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ሣጥን አለ። ከታች በዘይት የተለወሰ ጥቁር ጭቃ አድርገውበታል። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ወለል የሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት ተቀብረው፣ በምድር ሙቀት በስለው የነዳጅ ዘይት የሆኑበትን አለት መወከሉ ነው። ከእሱ በላይ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ ክዳን የሚሆን የሸክላ ጭቃ። ሁሉም በውሃ ርሷል። ዘይት ከውሃ ይቀላልና፣ በአሸዋው አልፎ፣ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ፣ ክዳኑ ሥር መጠራቀም ነበረበት። አሸዋውንስ አለፈ። ድንጋዩ ሥር ሲደርስ ግን በር እንደተዘጋበት እንግዳ ቆሞ ቀረ።

ራዲዮ የሸክላውን ጭቃ በመርፌው ወግታ ዘይቱን ከድንጋዩ አናት ላይ ለቀቀችው።

«አየሽ? ወጣ!»

«ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው።»

«አታካብጂ!» አለችና ድምጿ ወረደ። «ፕሮጀክቱ ከሠላሳ ነው የሚያዘው። ሃያ አምስት ካላመጣሁ ክፍሉን እደግማለሁ። አንቺ ታልፊያለሽ፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ። ዝም በይልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አንጀቷን በላቻት። ሚጢጢ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

አባቷ ድንጋይ ቆራጭ ነው፤ የመስታወቱንም ድንጋይ የወሰደችው ከእሱ ነው። ወርክሾፑ ስትደርስ ማሽኑን አጥፍቶ ከቅንድቡ ላይ ነጭ አቧራ ያራግፋል።

«ምነው ፊትሽን ጣልሽው?»

የስሪንጁን ነገር ዋጠችው። ዘይቱ ድንጋዩ ውስጥ አልገባ እንዳላቸው ብቻ ነገረችው።

«የትኛውን ድንጋይ ነበር የወሰድሽው?»

«ከመደርደሪያው ላይ። ምርጡን።»

አባቷ ሳቁ መጣ። «እሱን እኮ ለኩሽና ጠረጴዛ ነው የመረጥኩት! ቅባት ቢፈስበት እንዳይመጥ ብዬ ስንቱን አገላብጬ! ዘይት አስገባ ብለሽ የምትለምኚው እንዳያስገባ የተመረጠውን ነው፣ የኔ ልጅ።»

ከጓሮ የውዳቂ ክምር ሌላ የኖራ ድንጋይ አመጣላት። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ምልክት አለበት፤ ቀዳዳው ብዙ፣ ስንጥቁም ብዙ ነው። ባልዲ ውስጥ በማሽን ዘይት የተለወሰ ጭቃ አድርገው፣ ድንጋዩን ከላይ አስቀምጠው ውሃ ሞሉበት። መጀመሪያ አየር ቡልቅ ቡልቅ አለ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። አባቷ መሣሪያውን ሰብስቦ ሲጨርስ ግን ከድንጋዩ መሃል፣ ከአንዲት ቀዳዳ፣ ጥቁር ጠብታ ብቅ አለች። ቀጥሎ ሌላ።

«አባዬ፣ ና እይ! ወጣ!»

ከመሬት በታች ያለ ዘይት ስትባል ሁልጊዜ የምታስበው ጥቁር ሐይቅ ነበር። ለካ ቤቱ እንዲህ ያለ ቀዳዳና ስንጥቅ ነው። ደስታዋ ግን ብዙም አልቆየም፤ የራዲዮ ልመና ትዝ አላት።

በማግስቱ ባልዲውን አንጠልጥላ ከደወሉ በፊት ቤተ ሙከራው ደረሰች። ራዲዮ ቀድማታለች። ሚጢጢ ስለ ድንጋዩ ስትነግራት ባልዲው ላይ አቀርቅራ አዳመጠች።

«እናስ? የመስታወቱን ድንጋይ አሁን እንለውጠው?»

«ጊዜ የለንም» አለች ሚጢጢ። « ያልሠራውንም፣ ለምን እንዳልሠራም እናሳያለን። የስሪንጁንም እንናገራለን።»

«ዜሮ ቢሰጠንስ?»

«ለሁለታችንም ነው የሚሰጠን። እኔም ፈርቻለሁ እኮ።»

ወዲያው የሳይንስ አስተማሪያቸው ተማሪዎቹን አስከትለው ገቡ። መስታወቱን ሲያዩ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«እንዴ! ወጣላችሁ?»

ሚጢጢ ጓደኛዋን አላየቻትም፤ ብታያት ዝም እንደምትል ታውቃለች።

«አልወጣም፣ ቲቸር። ከላይ ያለውን ዘይት እኛ ነን የጨመርነው።»

አስተማሪው ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ።

«እኛ አይደለንም» አለች ራዲዮ። «እኔ ነኝ። እሷ አታድርጊ ብላኛለች።» ከዚያ ባልዲውን በሁለት እጇ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይሄኛው ግን በራሱ ነው የወጣው። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት?»

አስተማሪው የነጥብ መስጫውን ወረቀት ምንም ሳይጽፉበት አስቀመጡና ሊያዳምጧት ወንበር ስበው ተቀመጡ።