ግራጫው ፎጣ

ጋሼ ፍቃዱ በላቫጇቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከወለሉ ከፍ ያለው የሲሚንቶ ጠርዝ ሥር አርፏል፤ ደም የነካው ቀኝ መዳፋቸው አጠገባቸው ወደቆመችው ጥቁር መኪና ተዘርግቷል። መጀመሪያ ያያቸው መኪናውን ሊወስድ በማለዳ የመጣው ኃይለልዑል የተባለ የጣቃ ነጋዴ ነው። ጩኸቱን ሰምተው ከግቢው ጀርባ ካለችው ቤት የወጡት ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ግን አልጮኹም። ነጠላቸውን አወረዱና የባላቸውን ፊት ሸፍነው መሬት ላይ ተቀመጡ። የበዓል ዋዜማ ስለነበር ባላቸው ቤተ ክርስቲያን ያደሩ መስሏቸው ነበር።

ኢንስፔክተር አመተ ሥላሴ ስትደርስ መሳለሚያ ሰፈር በታክሲ ረዳቶች ጥሪ መሞቅ ጀምሯል።

«አዳልጧቸው ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «ሽማግሌ ሰው፣ የሳሙና አረፋ ያለበት ወለል… ሌላ ነገር ያለው አይመስለኝም።»

አመተ ሥላሴ ቶሎ አትመልስም። ሬሳ ከማየቷ በፊት ሟቹ ሲሠራው የነበረውን ሥራ የማየት ልማድ አላት። ባልዲዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል። የውኃው ጎማ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የፎጣዎቹ ቁም ሣጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሟቹ በለበሱት ቱታ ኪስ ውስጥ ነው።

«ሥራቸውን ጨርሰው፣ ወለሉን አጥበው፣ ቆልፈዋል» አለች። «ታዲያ በየትኛው አረፋ ነው ያዳለጣቸው?»

እሷ መኪናዋን ዞረች። ጥቁሩ ቀለም ፊት ያሳያል። በግራው የኋላ በር ላይ ግን ጎንበስ ብላ ወደ ብርሃኑ ስታየው፣ ከፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ጠባብ መስመር ሠርተው ተደጋግመዋል። ከእጀታው ሥር ደርቃ የቀረች የደም ነጥብና አንዲት ግራጫ ክር ነበረች። ክሯን በወረቀት ጠቀለለቻት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የላቫጆውን አጣቢ ሙሉብርሃንን ነው። ጎረቤቶች ባለፈው ቀን ከሰዓት ጋሼ ፍቃዱ ሲጮኹበት ሰምተዋል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«መሬት የወደቀ ፎጣ አራግፌ መኪና ላይ ላሳርፍ ስል አዩኝ።» ዓይኑ ደም መስሏል። «‹መሬት የነካ ፎጣ ሳይታጠብ ቀለም አይነካም፤ ስንቴ ልንገርህ!› አሉኝ። እንዲህ ነበሩ። ሲጮኹም የሚወዱ ሰው ነበሩ።»

«ይህቺን መኪና ማን አደረቃት?»

«ራሳቸው። ጥቁር መኪና ለማንም አይሰጡም። ጥቁር ቀለም ኃጢአት አይደብቅም ይሉ ነበር። እኔ አብነት ሰፈር ወንድሜ ቤት ስሄድ ገና እያጠቧት ነበር።»

«ቁም ሣጥኑን ክፈትልኝ።»

ሙሉብርሃን በራሱ ቁልፍ ከፈተ። ወፍራምና ለስላሳ ቢጫ ፎጣዎች ለብቻቸው፣ ለመስታወት የሚሆኑት ሰማያዊዎቹ ለብቻቸው ታጥፈዋል። ለጎማ የሚያገለግሉት ያረጁ ጨርቆች ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ታሽገዋል።

«ጎማ የነካ ጨርቅ በር ላይ ካረፈ የፍሬኑ ብናኝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው» አላት።

አመተ ሥላሴ የፎጣዎቹን ጥግ አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች።

«ማርካቸውስ?»

«አዲስ ፎጣ ሲመጣ መጀመሪያ ጥጉ ላይ የተሰፋው ማርካ ይቆረጣል። ጠንካራ ስለሆነ ይጭራል። ከዚያ ከሌላ ልብስ ሳይቀላቀል ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ነው መኪና የሚነካው።»

ኃይለልዑል ደጅ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። አንድ ጭረት ካገኘ ላቫጆውን እንደሚያዘጋ መዛቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ንግግር ነው እንጂ ዛቻ አይደለም» አለ። «መርካቶ ውስጥ ሳይዝት የሚውል ማን አለ?»

«ማታ መጥተው ነበር?»

«ሊመሽ ሲል መጥቼ ነበር። ‹በደንብ ትድረቅ፣ ነገ በማለዳ ውሰዳት› አሉኝ። ጥቁር መኪና ላይ እጄን እንዳላሳርፍ እንኳ ተቆጡኝ።»

«ያን በር አይተውት ነበር?»

«በእጅ ባትሪ አብርቼ ነው ያየሁት። መስታወት ነበር!» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። እሳቸውን ከዚያ በኋላ።»

የሟቹ አንድያ ልጅ ዳኒ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። አማኑኤል አካባቢ የራሱን ላቫጆ ከፍቶ የአባቱን ስም ሰሌዳው ላይ አጽፎ ነበር። ቀለማቸው የተጫረ መኪናዎች ግን ወቀሳቸውን ይዘው ወደ መሳለሚያ ይመጡ ጀመር። «ፍቃዱም እንዲህ ሆነ?» ሲባሉ አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ቀን መሰላል ይዘው ሄዱና ሰሌዳውን በገዛ እጃቸው አወረዱት። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም።

«አባትህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?» አለችው።

«ክረምት ሳይገባ።»

«ከዚያ በኋላ አልመጣህም?»

«በዚህ ደጅ እንኳ አላለፍኩም።»

እትዬ ለተብርሃን ጀርባውን ዳበሱት። «አይዞህ ልጄ። አባትህ አፉ እንጂ ልቡ አልራቀህም። ‹ይመጣል፣ እኔ እንደሆን ቀድሜ አልሄድም› ይል ነበር።»

ዳኒ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አመተ ሥላሴ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። ፎጣና አንሶላ ወደሚሸጥበት የመርካቶ መስመር ሄዳ፣ ሀኒ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ቆይታ ወጣች። ስትወጣ ፊቷ ከስሎ ነበር።

በሠልስቱ ዕለት ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እያለ፣ እትዬ ለተብርሃንን፣ ዳኒን፣ ሙሉብርሃንንና ኃይለልዑልን ላቫጆው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሀኒም መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጥቁሯ መኪና ከቦታዋ አልተነሣችም።

«ጋሼ ፍቃዱ አላዳለጣቸውም» ብላ ጀመረች አመተ ሥላሴ። «ሥራ ተጨርሶ ወለሉ ታጥቦ ነበር። የቆሰለው የጭንቅላታቸው የኋላ ክፍል ነው፤ ደም ግን መዳፋቸውም ላይ ነበር። ቁስላቸውን በእጃቸው ነክተዋል ማለት ነው። የነካ ሰው ደግሞ ሊነሣ ይሞክራል፣ አጠገቡ ያለውንም ይይዛል። አጠገባቸው ያለው ይህ በር ነው። በሩ ላይ ግን የእጅ አሻራ የለም።»

«ተጠርጓል» አለ ሙሉብርሃን በሹክሹክታ።

«ተጠርጓል። ሲመሽ መስታወት የነበረ በር ሲነጋ ተጭሮ የተገኘው በዚያ ምክንያት ነው። በምን ተጠረገ? በጎማ ጨርቅ ቢሆን ብናኙ በሩን በሙሉ ይፍቀው ነበር። እዚህ ግን በእያንዳንዱ ጠረጋ አንድ ጠባብ መስመር ብቻ ነው ያለው። ፎጣው ራሱ ለስላሳ ነው፤ አንድ ጥጉ ብቻ ጠንካራ ነው። ማርካው ያልተቆረጠ አዲስ ፎጣ ነው።»

ኃይለልዑል ወደ ሙሉብርሃን ዞረ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ሙሉብርሃን የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አለው። መደበቅ ቢፈልግ ከነዚህ ቢጫዎች አንዱን ያነሣ ነበር፤ እኛም ምንም ባላየን። እርስዎም አቶ ኃይለልዑል፣ መኪናዎን ሊያዩ ሲመጡ አዲስ ፎጣ ምን ያደርግልዎታል? የጠረገው ሰው ያገኘው ይዞት የመጣውን ብቻ ነው። ወደ ላቫጆ አዲስ ፎጣ ይዞ የሚመጣ ማን ነው? ስጦታ የያዘ ሰው።»

ከድንኳኑ ለቅሶ ተሰማ።

«ጋሼ ፍቃዱ ፎጣ የሚገዙት ከሀኒ ብቻ ነበር። ከእጀታው ሥር ያገኘሁትን ግራጫ ክር አሳየኋት። ሀኒ፣ የነገርሽኝን ንገሪያቸው።»

ሀኒ ቀና ማለት አልቻለችም። «ግራጫው ገና የገባ ዕቃ ነው። ለጋሼ አስቀምጬላቸው ነበር፤ ሳይመጡ ቀሩ። በዋዜማው ከሰዓት ዳኒ መጣ። ‹አባቴ ቢያየው ደስ የሚለውን ስጪኝ› አለኝ። ‹ታረቃችሁ እንዴ?› ስለው፣ ‹ዛሬ እታረቃለሁ› ብሎ ሳቀ። ደስ ብሎኝ ሸኘሁት።»

እትዬ ለተብርሃን ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ዳኒ መካድ አልሞከረም። የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«ልታረቅ ነው የመጣሁት እማዬ» አለ። «‹ተሳስቻለሁ፣ እንደ አዲስ አስተምረኝ› አልኩት። ፎጣውን ተቀብሎ በጉንጩ ዳሰሰው። ‹ጥሩ መርጠሃል› አለኝ። ከዚያ ማርካውን አየና ሳቀ። ‹ዛሬም አልቆረጥከውም!› አለኝ። የቀለደብኝ መሰለኝ። ያን ሁሉ ወራት የሰው መሳቂያ ሆኜ… ፎጣውን ነጥቄ ገፋሁት። እንዲወድቅ አልነበረም። እንዲወድቅ አልነበረም!»

«ከዚያስ?» አለች አመተ ሥላሴ።

«ተነሣ። በሩን ይዞ ተነሣ። ‹ዳኒዬ፣ ምንም አልሆንኩም› አለኝ። ከዚያ ተንሸራተተ።»

«ለምን ጠረግከው?»

«አላውቅም። የእጁ አሻራ እየወረደ ነበር። ‹ጥቁር ቀለም ላይ ነገር ከደረቀ አይለቅም› ብዬ አሰብኩ። እሱ እንደዚያ ይል ነበርና… ጠርጌ ስጨርስ አይተነፍስም። ያኔ ፈራሁና ሸሸሁ።»

ኃይለልዑል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሙሉብርሃን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እትዬ ለተብርሃን ግን ደርቀው ቆመው ልጃቸውን ያያሉ። የደስታን ሳቅ ከፌዝ መለየት ያቃተው ልጃቸውን። ባላቸው ያን ሳቅ ከክረምት ጀምረው ያጠራቀሙት እንደነበር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እኔ እኮ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነበርኩ» አሉት በመጨረሻ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። «እራት እየሠራሁ። ለምን አልጠራኸኝም ልጄ?»

ዳኒ ራሱን ጉልበቱ ላይ ደፋ።

አመተ ሥላሴ ካቴናውን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ክንዱን ይዛ በኋላው በር፣ ለቀስተኛ በማያይበት በኩል አወጣችው። እናቱ እስከ በሩ ተከተሉት። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለት፤ ግንባሩን ሳሙትና ለቀቁት። የፖሊሱ መኪና ከዓይናቸው እስኪሰወር ድረስ ቆመው አዩ።

ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ ከአማኑኤል ሰፈር አዲስ ለቀስተኞች ገብተው ነበር። አንዲት የዱሮ ጎረቤታቸው ብድግ ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«እግዜር ያጥናሽ ለተብርሃን» አለቻቸው። «ልጅሽን ያቆይልሽ።»

«አሜን» አሉ እትዬ ለተብርሃን፤ ከዚያ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸው አለቀሱ።