የጄንትሪዎች ቫዮሊን

የሙዚየሙን ኃላፊ የሆባርት ጄንትሪን ሬሳ ከደረጃው ግርጌ ያገኘችው አስጎብኚዋ ቨርና ናት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ተራራው ገና ጉም እንደለበሰ ነው።

መርማሪው ኦዴል ስታምፐር ሽማግሌ ነው። የራሰ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ሬሳውን ዞሮ አየው።

«አዳልጦት ይሆናላ» አለ ፎቶ አንሺው ሮይስ። የሙዚየሙን ዕቃዎች ፎቶ ሊያነሣ ከከተማ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው።

«ያዳለጠው ሰው አንድ ነገር ለመያዝ ይፍጨረጨራል እንጂ የሸሚዙን ቁልፍ አይበጥስም። ደረቱን ተገፍቷል።»

ፎቅ ላይ የሆባርት አያት ቫዮሊን ያለበት የመስታወት ሣጥን ተከፍቷል፤ ቫዮሊኑ ግን በቦታው ነው።

«የሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለ ስታምፐር።

«ሆባርት ጋ... እኔም ጋ» አለች ቨርና። «መሳቢያዬ ውስጥ ነው የማኖረው። አይቆለፍም።»

የሟቹ ወንድም ተርማን አፍጥጦ አያት። ቨርና ልጆቿ ፊት በካቴና ስትወሰድ ታያት።

ስታምፐር ወደ ሮይስ ዞረ። «አንተስ፣ ነክተኸው ታውቃለህ?»

«ኧረ የት! ሆባርት ማንንም አያስነካም። ፎቶውን ያነሣሁት በመስታወቱ ነው።»

መርማሪው ታች ወርዶ የሆባርትን ጠረጴዛ አየ። ቢስኩቱ ተገምጦ ቀርቷል፤ ቡናው ለብ ብሏል። ከዚያ ሁሉንም ፎቅ ላይ ሰበሰባቸው። ቫዮሊኑን አንሥቶ ነቀነቀው። ድምፅ የለም።

ተርማን ፊቱ ተለዋወጠ። «የእባቡ ቃጭልስ? አያቴ ጅራቱን እንደ ቃጭል ከሚያንሿሿ እባብ ላይ ቆርጦ ውስጡ ጨምሮት ነበር። እዚህ አገር ቫዮሊን የሚመታ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል።»

«ስለዚህ ይሄ በቦታው የተተካ አምሳያው ነው» አለ ስታምፐር። «ሆባርት ጉልበቱን ያመዋል። ቁርሱን ጥሎ ደረጃ የወጣው ለምንድን ነው? ቃጭሉን ሰምቶ ነው። ቨርና፣ ተርማን፣ እናንተ የአገሩ ሰዎች ስለሆናችሁ ቃጭሉን ታውቃላችሁ፤ ብትሰርቁት ኖሮ፣ ሳታነሡት በፊት ጥጥ ትወትፉበት ነበር። አምሳያው ውስጥም ቃጭል ትጨምሩ ነበር። ሌባው ግን በመስታወት ብቻ ያየው ሰው ነው። ሲያነሣው ተንሿሿበት፤ ሆባርትም ደረሰበት። ልጄ፣ እስቲ ቦርሳህን ክፈተው።»

ሮይስ አልተንቀሳቀሰም። መርማሪው ራሱ ትልቁን የካሜራ ቦርሳ አነሣ። ከውስጡ ደረቅ፣ ቀጭን መንሿሿት ተሰማ። ቨርና እስከ ግድግዳው ድረስ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ልገድለው አልፈለግሁም» አለ ሮይስ። «ልቀቅ ብዬ ነው የገፋሁት።»

ስታምፐር ሮይስን ይዞት ሲወርድ ተርማን አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ቨርና፣ አንቺን ነበር የጠረጠርኩት።»

«አውቃለሁ። ስታየኝ ገብቶኛል።» እንባዋ ያኔ ገና መጣ። «ለእናታችሁ ማን ይነግራቸዋል?»

«እኔ ነኛ። ግን ብቻዬን አልችልም።»

ቨርና ካፖርቷን አነሣች።