በአርዲቦ ዳር የተነቀለው ወይን

ሙሐመድሁሴን በለውጡ ዓመት ከጅዳ ተመልሶ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር በተከለው ወይን መካከል ጠዋት ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በዶማ ተመትቷል። ኢንስፔክተር ዋሲላ ስትደርስ ከአስከሬኑ አጠገብ አዲስ ጉድጓድ አየች። አንድ ወይን ከነሥሩ ተነቅሏል፤ ግንዱ ግን የለም።

ጦርነቱ ከአካባቢው ከወጣ አምስት ወር ሆኖታል። ወይኑ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሲደርቅ የሰፈሩ ሰው መርዝ ነው ብሎ አምኖ ነበር።

«ገዳዩ ያውልሽ!» አለች የሟች ሚስት ኑርሀያት፣ የባሏን ወንድም ሰላሀዲንን እየጠቆመች። «እኛ ስንሸሽ እሱ ቀረ። ታጣቂዎቹን ውሃ እያጠጣ ወይናችንን መረዘ። አሁን ደግሞ ወንድሙን!»

«ጠመንጃ ደግነውብኝ ነው ያጠጣሁት» አለ ሰላሀዲን። «ወላሂ አልነካሁትም።»

ከኋላ ድንጋይ ያነሱ ነበሩ። ዋሲላ እስኪጥሉት ድረስ አፍጥጣ አየቻቸው።

«ባልሽ ዛሬ ምን ሊሠራ ወጣ?»

«አንዱን ነቅዬ ውስጡን ልይ ብሎ። እስከ ዛሬ ነቅሎ አያውቅም፤ እሱም መርዝ ይመስለው ነበር። ስልኩን እንኳ ሳይዝ ነው የወጣው።»

የወይኑን ችግኝ ለሟች የሸጠው ሐቢብ፣ ዋሲላ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ሦስት ሺህ የወይን ችግኝ ያጠጣ ነበር። በመጪው ዓርብ ከሶላት በኋላ ከዐረብ አገር ለተመለሱ ወጣቶች ሊያከፋፍለው ነው።

«ሟችን መቼ አየኸው?»

«ከጦርነቱ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም።»

«ወይኑስ ለምን ደረቀ?»

«ቅርንጫፉን ሲገርዝ በመጋዝ ስላቆሰለው ነዋ! ከሥሩ ነው የጠቆረው እያለ በኔ ችግኝ ያሳብባል። ሂጂ፣ ገዳይሽን ፈልጊ!»

በማግስቱ አስከሬኑ ከምርመራ ሲመለስ ዋሲላ ሁሉንም በሟች ግቢ ሰበሰበች። አንድ የተሰነጠቀ ግንድ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ እምብርቱ ከሥሩ ወደ ላይ ጠቁሯል።

«ይህን የነቀልኩት ከጉድጓዱ ጎን ነው። የግብርና ባለሙያው አይቶታል። መርዝ አይደለም፤ ግንዱን ከውስጥ ለዓመታት የሚበላ ፈንገስ ነው። ከመጋዝ ቁስል ቢገባ ኖሮ ከላይ ይጀምር ነበር። ይህ ከችግኙ ጋር የመጣ ነው።»

ዋሲላ የተሰበሰቡትን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ገዳዩ ግንዱን ወስዷል። ሰላሀዲን የደረቀ ወይን ምን ያደርግለታል? ግንዱ የሚያስፈራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሐቢብ፣ ሟች ከሥሩ ጠቁሯል ማለቱን ማን ነገረህ?»

«ደ... ደውሎልኝ።»

«ስልኩ ሚስቱ ጋር ነበር። ግንዱንም ያየው ትናንት ጠዋት ነው፤ ከዚያ ጉድጓድ በሕይወት አልተመለሰም። ያን ቃል የሰማኸው እዚያው ቆመህ ነው።»

አንድ ፖሊስ ከሐቢብ ችግኞች ሥር የተቀበረውን ግንድ ይዞ ገባ።

«ሲነቅል ደረስኩበት። ዓርብ ሰው ፊት ልሰነጥቀው ነው አለኝ» አለ ሐቢብ። «ተው ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ።»

ሲወስዱት የሰደበው እንጂ ያዘነለት አልነበረም። ኑርሀያት መሬት መሬት እያየች ወደ ሰላሀዲን ተጠጋች።

«ወንድምህን እጠበው» አለችው።

ሰላሀዲን እጅጌውን እየሰበሰበ አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል ገባ።