ሦስተኛው ብሎን

«ዞረ! አባባ፣ ዞረ!» ሃይሚ እጇን አጨበጨበች።

ጓደኛዋ ሳጂዳ አላጨበጨበችም። ከሃይሚ ትከሻ ጀርባ ቆማ ሁሉንም እያየች ነበር። የዞረው ብሎኑ አይደለም። ብሎኑ እንደተቸነከረ እዚያው አለ። የዞረችው ካቻቢቴው ጫፍ ላይ የተሰካችው ትንሿ ብረት፣ ቢቷ ናት። ፀሐይ ላይ እንደዋለ ሻማ ተጠማዝዛለች።

የሃይሚ አባት ጋሽ ደምለው ካቻቢቴውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። «እንግዲህ» አሉ። ቢቷን ነቅለው መሬት ላይ ጣሏት። ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ከፓምፑ ሳጥን አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

የሶላር ፓምፑ ከቆመ አራት ቀኑ ነው። በሽታው ትንሽ ነበር። ከሽንፋ መጥተው ያዩት መካኒክ፣ ጋሽ ኢሳ፣ «ፊውዝ ነው የተቃጠለው፤ ፊውዙ እኔ ጋ አለ፤ ሳጥኑን ብቻ ክፈቱልኝ» ብለው ነበር። ችግሩ መክፈቱ ላይ ነው። ሳጥኑ ሌባ እንዳይነካው በአራት ልዩ ብሎኖች ነው የታሰረው። አናታቸው ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለ፤ ኮከቡ መሃል ላይ ደግሞ እንደ እሾህ ቀጥ ያለች ብረት አለች። ተራ ካቻቢቴ ሲመጣ እሾኋ አታስገባውም። ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ቢት ብቻ ነው የሚገባው። ፓምፑን የተከሉት ሰዎች መክፈቻውን ይዘውት ሄደዋል፤ ስልካቸውም አይነሳም። ብሎኖቹ ጉድጓድ ውስጥ የገቡ ስለሆኑ ፒንሳ አይዛቸውም። በግራይንደር እንቁረጠው ቢባል ብናኙና እሳቱ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ይፈጀዋል።

ሁለቱ ብሎኖች ጠዋት ወጥተው ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ሦስተኛው ላይ እንዲህ ሆነ።

ከሰሊጥ እርሻው ዳር፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ሳሉጎቹ ተቀምጠዋል። ለአጨዳ ከደጋ የወረዱ ሃያ አራት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ማጭዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ሳጥኑ ያያሉ።

«እኔ የምለው» አለ አንደኛው፣ «ብሎኑን በገመድ አስረን ሃያ አራታችን ብንጎትተውስ?»

«አንተ ትናንት አንድ ነዶ መጎተት ያቃተህ?» አለው ሌላው። ሳቁ። ሳቃቸው ደረቅ ነበር፤ ውሃ የጠማው ሰው ሳቅ።

አለቃቸው ባየልኝ ግን አልሳቀም። ተነስቶ መጣና ጋሽ ደምለው ፊት ቆመ። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ለነገ ረፋድ አይደርስም። ጉድጓዱ ባልዲ አያስገባ ነገር ቀጭን ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ሁለት አህያ የሚያመጣው ለሃያ አራት ጉሮሮ ምን ይሆናል? ልጆቹ ወደ ማዶው እርሻ እንሂድ እያሉኝ ነው። እዚያ ውሃ አለ።»

«እስከ ነገ ጠዋት ታገሱኝ።»

«እስከ ነገ ጠዋት» አለ ባየልኝ። አንገቱን ደፋ እንጂ አልማለም።

ጋሽ ደምለው ወደ ሰሊጡ ዞረው አዩ። ሳጂዳም አየች። ቢጫ ሆኗል። ሰሊጥ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም። የፍሬው ቅርፊት አፉን ይከፍትና ነፋስ በነካው ቁጥር ዘሩን መሬት ላይ ያፈሳል። መሬት ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ ደግሞ የጉንዳን ነው። ከእርሻው ገና ሲሶው ነው የታጨደው።

«ጥፋቱ የእጄ ነው» አሉ ጋሽ ደምለው ድንገት። «እንደ መጥረቢያ ጨምድጄ ያዝኩት። ዕቃው ምንም እንከን አልነበረውም። የመጂዳ ልጅ ወላሂ ብላ የሰጠችኝ ዕቃ ነው።»

ይህን ሲሉ ሳጂዳን ቀና ብለው አዩዋት፤ እንደ ማጽናናት።

የመጂዳ ልጅ እሷ ናት። እናቷ በሽንፋ ገበያ የብረታ ብረትና የመፍቻ ሱቅ አላት። ሐሙስ ዕለት እናቷ ዕቃ ልታመጣ መተማ ዮሐንስ ወርዳ ስለነበር ሱቁን የያዘችው ሳጂዳ ነበረች። ጋሽ ደምለው መጥተው አረንጓዴውን የፕላስቲክ ሳጥን እያገላበጡ ጠየቋት። ሠላሳ ሁለት ቢት ያለበት ሳጥን ነው፤ አንዷ ባለ ቀዳዳ ኮከብ ናት።

«ልጄ፣ ይሄ ይችላል? ብሎኑ ጥርሱ ከተበላ አይወጣም ብለውኛል።»

ሳጂዳ ታውቅ ነበር። ሰኞ ዕለት ዑበይዳ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ያንኑ ዓይነት ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮት ሄዷል። «ይሄ ብረት ነው ሊጥ?» ብሎ። ሁለት ቢቶች ተጠማዝዘው ነበር። እናቷ በእነሱ ቦታ ከሌላ ሳጥን ሁለት አምጥታ ሰካች፤ ሳጥኑን በጨርቅ ወለወለችና መደርደሪያው ላይ መለሰችው። «እሱ ዕቃ አያያዝ አያውቅም» ብላ።

ይህን ሁሉ እያወቀች ሳጂዳ «ይችላል፣ ጋሼ» አለች። ጋሽ ደምለው አሁንም ሲያገላብጡ ጊዜ፣ ደንበኛ ባዶ እጁን እንዳይወጣባት ብላ፣ «ወላሂ ጠንካራ ነው!» አለች።

እሳቸውም ሳጥኑን ከደኑት። «ወላሂ ካልሽ በቃ።»

ሽንፋ ላይ እንዲህ ነው። ክርስቲያኑ ገበሬም ቢሆን እስላም ነጋዴ ወላሂ ካለው ዕቃ ማገላበጥ ያቆማል። ከመሐላ በኋላ ማገላበጥ ሰውየውን መስደብ ነው። ስለዚህ አሁን ጋሽ ደምለው ብረቱን አልጠረጠሩም። የጠረጠሩት የገዛ እጃቸውን ነው።

«ሃይሚ» አሉ፣ «ከሳጂዳ ጋር ሂጂና ያንኑ ዓይነት ሌላ አምጪ። ቶሎ። አሁን በቀስታ ነው የምሞክረው።»

ሃይሚ የሳጂዳን እጅ ይዛ ወደ መንገዱ ጎተተቻት። ከመሄዷ በፊት ግን ሳጂዳ ጎንበስ ብላ የተጠማዘዘችውን ቢት ከመሬት አንስታ መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻት። ለምን እንዳነሳቻት አላወቀችም።

ባጃጁ ውስጥ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል።

«አባባ እኮ ሲይዝ አይቻልም» አለች ሃይሚ። «ባለፈው የጀሪካን ክዳን ሲያጠብቅ ሰነጠቀው። እማማ አንድ ሳምንት ነው የሳቀችበት።»

«እሳቸው ላይሆኑ ይችላሉ እኮ።»

«ኧረ ተይ፣ አታካብጂ። አንቺ ደግሞ ለሰው ማዘን ትወጃለሽ።» ሃይሚ አቧራውን ከፊቷ ጠረገች። «ሰሊጡ ከገባ ዘጠነኛን ጎንደር ነው የምማረው፤ አክስቴ ጋ። አባባ ቃል ገብቶልኛል።»

«ካልገባስ?»

«ካልገባ አልገባም።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ምን ይደረጋል?»

ገበያው ጥግ ሲደርሱ ወረዱ። ሃይሚ ብር ከእናቷ ልታመጣ ወደ ቤት ሮጠች። ሳጂዳ ወደ ሱቁ ነበር መሄድ ያለባት። እግሯ ግን ወደ ጋሽ ኢሳ ጋራዥ ወሰዳት።

ጋሽ ኢሳ የባጃጅ ጎማ ፈትተው ይወቅጣሉ። መዳፏን ከፍታ ቢቷን አሳየቻቸው።

«ጋሽ ኢሳ፣ እንደዚች ያለች የእርስዎ የለችም? ጠንካራ?»

«ብትኖረኝ ደምለውን እንዲህ አስለምነው ነበር? ከሱዳን የመጣች አንድ ጥሩ ነበረችኝ፤ አንዱ ተውሶ በዚያው ቀረ።» ቢቷን ተቀብለው ወደ ብርሃን ቀረብ አድርገው አገላበጧት። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ሞረድ አወረዱ። «ነይ ቅረቢ። ስሚ። ጥሩ ብረት ሞረድን ያንሸራትተዋል፤ ድምፁም እንደ መስታወት ነው። ይሄኛው ግን…»

ሞረዱን አንዴ ሳብ አደረጉት። ሞረዱ አልተንሸራተተም፤ በላው። ከብረቱ ላይ ግራጫ ዱቄት መዳፋቸው ላይ ወደቀ።

«ብሎኑስ? ጥርሱ አለ?»

«ግማሹ አለ።»

«እንግዲያው ሌላ የዚህ ዓይነት እንዳያስገቡበት። አንዴ እንደዚህ ካደረጉት ኸላስ፣ አለቀ። ሳጥኑን መስበር ነው፤ ከተሰበረ ደግሞ ፓምፑም የለም። ጥሩው ጎንደር አለ። ነገ እሑድ ነው፤ ሰኞ ቢገዛ፣ በአውቶቡስ ቢላክ፣ ማክሰኞ።»

«ሳሉጎቹ ነገ ሊሄዱ ነው።»

ጋሽ ኢሳ ቢቷን መለሱላት። ከየት እንደተገዛች አልጠየቋትም። ወደ እናቷ ሱቅ በኩል አንዴ አየት አደረጉና ጎማቸውን መውቀጥ ቀጠሉ።

እናቷ ሱቁ ውስጥ ሚስማር እየመዘነች ነበር። ሳጂዳ በሹክሹክታ ነገረቻት።

«እና እኔ ነኝ ያቀለጥኩት?» አለች መጂዳ፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ። «እንዳመጡልኝ ነው የምሸጠው። ጥሩውን ባመጣ ማን ይገዛኛል? ዋጋውን ሲሰማ ሮጦ ነው የሚወጣው። ራሱ ደምለው ርካሹን ስጡኝ አይደለም ያለው?»

«አላሉም። ይችላል ወይ ነው ያሉት።»

እናቷ ያኔ ቀና አለች። «ሳጂዳ። መጂዳ ሊጥ ትሸጣለች ከተባለ ማን ይገባል እዚህ? አንቺና ወንድሞችሽ ምን ትበላላችሁ? አፍሽን ያዢ።»

እውነቷን ነው። ሳጂዳን የከበዳት እሱ ነው። እናቷም እውነቷን ነው፤ ብሎኑም አይወጣም፤ ማክሰኞም ሩቅ ነው። ብትናገር ውሃ አይፈልቅም። ዝም ብትልም ውሃ አይፈልቅም።

ሃይሚ እያለከለከች ገባች። ብሩ እጇ ውስጥ ተጨማድዷል።

«ደህና ነሽ ልጄ?» መጂዳ ፈገግ አለች። ከመደርደሪያው አረንጓዴ ሳጥን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አባትሽን እጅህን አላላ በይው።»

«እኔም እሱን ነው የምለው፣ እትዬ መጂዳ።» ሃይሚ ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ወደ ሳጂዳ ዞረች። «ሳጂ፣ ይሄኛው ጠንካራ ነው አይደል? ወላሂ በይልኝና ለአባባ ልንገረው። ልቡ ይረፍ።»

መጂዳ ሚስማሩን መመዘን አቆመች። ልጇን አየቻት።

ሳጂዳ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ሐሙስ ዕለት ሳታስበው የወጣ ቃል።

በእሱ ፈንታ ወደ ግድግዳው ሄዳ የተሰቀለ ሞረድ አወረደች። ሳጥኑን ከፈተች። ባለ ቀዳዳዋን ኮከብ ከመሃል መዘዘችና በፒንሳ ይዛ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደገፈቻት። ሞረዱን ለሃይሚ ሰጠቻት።

«ምን ላድርገው?»

«ሞርጂው።»

«ቀልድሽን ነው? አባባ እየጠበቀኝ እኮ ነው…»

«አንዴ ብቻ ሃይሚ። ሞርጂው።»

ሃይሚ ሳበችው። ሞረዱ በላው። ግራጫው ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ሃይሚ ዱቄቱን በጣቷ ነካችው። ሞኝ አይደለችም፤ በክፍላቸው በሒሳብ አንደኛ የምትወጣው እሷ ናት። ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ሐሙስም ታውቂ ነበር?»

ሳጂዳ እናቷን አላየችም። «አውቅ ነበር» አለች።

ሃይሚ ሳጥኑን እዚያው ትታ ብሩን መልሳ ጨበጠችና ወጣች።

ከዚያ እናቷ «ሞረዱን ቦታው መልሺ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ሳጂዳ ሞረዱን አንስታ ያዘችው። ከዚያ ከአረንጓዴዎቹ ሳጥኖች ጎን፣ የሚገባ ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የተጠማዘዘችውን ቢት ኪሷ ከተተችና ወጣች።

ሃይሚ ባጃጅ አልጠበቀችም፤ በእርሻው መንገድ በእግሯ እየሄደች ነው። ሳጂዳ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላዋ ተከተለቻት። አልጠራቻትም። ሃይሚም ዞራ አላየችም።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ሜዳው ተገለጠ። ከሰሊጡ ማዶ ሰዎች በአንድ መስመር ሆነው ይሄዳሉ፤ ማጭዳቸው ትከሻቸው ላይ፣ ጓዛቸው ጀርባቸው ላይ። ሳጂዳ ቆጠረቻቸው። ሃያ አራት ናቸው። ነገ ጠዋት የተባለው ዛሬ ሆነ።

ሃይሚ መንገዱ መሃል ቆመች። ሳጂዳም ቆመች። ነፋስ መጣ፤ ቢጫው ሰሊጥ ከዳር እስከ ዳር ሻሻሻ አለ።

ጋሽ ደምለው ሳጥኑ አጠገብ እንደተቀመጡ ከሩቅ ይታያሉ። ሁለት እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩዋቸዋል፤ መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን፣ እንደገና መዳፉን።

ሳጂዳ ኪሷ ውስጥ ያለችውን ቢት ጨበጠች። ሃይሚን አልፋ ወደ ጋሽ ደምለው ሄደች።