በወረቀት የታሸገው መስኮት

ሕመምተኛው ስቱሬ ስቶክሆልም ካለ የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ወድቆ በኅዳር ማለዳ ሞተ። ኢንስፔክተር ጉንቮር ስትደርስ ዶክተር ራግናር መልሱን አዘጋጅቶ ጠበቃት። እንዲህ የሚቸኩል ሰው እኔን ደስ አይለኝም፤ እሷንም ደስ አላላትም።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አላት። «ከጀርባው በመርፌ የቀዳነውን ፈሳሽ መርምሬዋለሁ። ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ትራፊ ቁጥሩ በጣም ዝቅተኛ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች አያቅዱም። ድንገት ብድግ ይላሉ፣ በቃ!»

«እህቱስ? እሷም እዚሁ ተኝታለች አሉኝ።»

«ሱልቬይ? ያው ደም፣ ያው ቁጥር። ለራሷ ደኅንነት ቆልፌባታለሁ።»

ጉንቮር በተቆለፈው በር መስታወት አየቻት።

«እኔ ደህና ነኝ» አለች ሱልቬይ ከውስጥ። «ስቱሬም ደህና ነበር። እዚህ ቤት ግን ደህና ነኝ ማለትም በሽታ ነው።»

የስቱሬ ሞት ራስን ማጥፋት ከተባለ ይህ በር እንደማይከፈትላት ሁለቱም ገብቷቸዋል።

ጉንቮር የስቱሬን ክፍል ፈተሸች። በዚህ አገር ብርዱ ሳይገባ የመስኮቱ ዙሪያ በወረቀት ጥብጣብ ይታሸጋል፤ ብርዱ እስኪወጣም አይከፈትም። ጥብጣቡ በምላጭ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ አንድም ቦታ አልተቀደደም።

«ሲስተር፣ ሕመምተኛ ምላጭ ይይዛል?» ስትል ነርሷን ሜርታን ጠየቀቻት።

«ኧረ ምን ሲደረግ! ጢማቸውን እንኳ የምንላጨው እኛ ነን።»

«የስቱሬን ፈሳሽስ ማን ቀዳ?»

ሜርታ ፊቷ ቀላ። «እኔ። ከመርፌው በፊት ሳይበላ፣ ከአልጋው ሳይነሳ ማደር ነበረበት። ጉደኛው ግን ማለዳ ተነስቶ ቡናዬን ከነዳቦዬ ጨርሶታል! ይህን የነገረኝ ከተቀዳ በኋላ ነው። ፈሳሹ ተበላሸ ማለት ነው። ዶክተሩን ፈርቼ እዚያው ደፋሁት፤ ስቱሬ እያየኝ ይስቃል። ዶክተሩም ፈሳሹ የት አለ ብሎ አልጠየቀኝም።»

ከሰዓት በኋላ ጉንቮር ሁሉንም ሰበሰበች። ዶክተሩ የሱልቬይን በር አልከፍትም ስላለ እዚያው በሯ ላይ ቆሙ።

«ዶክተር፣ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ወረቀት በምላጭ ቀስ እያለ ይቆርጣል?»

«አቅዶ ሊሆን ይችላላ።»

«አያቅዱም ያሉኝ እርስዎ! ይሁን፤ ምላጭ ያለው ሠራተኛ ብቻ ነው። ከሠራተኛው ደግሞ ስቱሬን የሚፈራው ማን ነው? ቁጥርህ ዝቅተኛ ነው ሲሉት ምን አለዎት?»

ዶክተሩ የበሩን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ሳቀብዎት» አለች ጉንቮር። « ፈሳሹ ሲደፋ በዓይኑ አይቷላ! ያልተመረመረ ፈሳሽ ምን ቁጥር አለው? ከራስዎ ነው ያወጡት። ይህን እንዳያወራ መስኮቱን አስቀድመው አዘጋጁለት፤ ከዚያ ገፍተው ጣሉትና ቁጥሩ ገደለው አሉን።»

«ወይ ጉዴ!» ብላ ሜርታ አፏን ያዘች።

«ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ጥናት እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ ዶክተሩ። «በሳቅ ሊያፈርስብኝ!»

ጉንቮር ቁልፉን ከኪሱ ወስዳ በሩን ከፈተች። ሱልቬይ ደፉ ላይ ቆመች እንጂ አልወጣችም።

«የኔስ ቁጥር?»

«የነገረሽ ማን ነው?»

«እሱ።»

«እንግዲያው ማንም አያውቀውም። ቢታወቅም ቁጥር በሰው ላይ አይፈርድም።»

ሱልቬይ ያን ጊዜ ኮሪደሩ ወለል ላይ ዘጭ ብላ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች አለቀሰች።

«ካለቀስኩ ባሰባት ይሉኛል ብዬ እኮ ነው እስካሁን የያዝኩት» አለች።