ሚዛን ያልቆጠረው ሕፃን

እኔ እንኳን ዛርና ቡዳ ቀርቶ፣ ሐኪም የነገረኝንም ወረቀት ላይ ካላየሁት የማላምን ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ይኼም ደግሞ ጀመረው» እንዳትሉኝ ነው።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ዩኒቨርሲቲው ደብረ ማርቆስ ላይ በከፈተው የኅብረተሰብ ጤና ጥናት ማዕከል ተቀጥሬ፣ በአቅራቢያው ባለችው በይጁቤ ከተማ ዙሪያ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሕፃናት እመዝን ነበር። ሥራው ራሱ አይከብድም፣ የሚያቃጥለኝ ዶክተራችን ነበር፣ ቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን ባዶ ከሆነች፣ ዝናብ ይሁን ጭቃ፣ በቅሎ ይገኝ አይገኝ፣ «ተመለስና ሙላ!» ነው። በዚያ ክረምት ያንን ዳገት ስንት ጊዜ እንደወጣሁት እግሬ ይመስክር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በረዶው ጥሎ እንዳባራ፣ ከማዕከሉ አዋላጅ ነርስ ከሲስተር ዘውዲቱ ጋር ዳገቱ አናት ላይ ካለው የመጨረሻ ቤት ደረስን። ወይዘሮ አንጓች የምትባል ቀጠን ያለች ሴት ልጇን አዝላ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ስሙ ማን ነው?»

«ይበልጣል።»

«ዕድሜው?»

«ሦስት ወሩ።»

ጻፍኩ። ሚዛኑን ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ሰቅዬ ልጁን በጨርቅ አንጠለጠልኩት፣ መርፌው ዜሮ ላይ ነው።

«ይኼ ሚዛን ደግሞ ተበላሸ!» ብዬ በንዴት በጣቴ መታ መታ አደረግኩት፣ ምንም። ልጁን አውርጄ ቦርሳዬን ብሰቅል፣ መርፌው እንደ ጨዋ ሰው አራት ኪሎ ላይ ቆመ። ልጁን መልሼ ሰቀልኩት፣ ዜሮ። እመኑኝ፣ ገመዱ ተወጥሮ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ አግዳሚው ይንቋቋል፣ መርፌው ግን ፍንክች አይልም።

«ሲስተር፣ እስቲ ያዢልኝ» ብዬ ሰጠኋት።

ጥቂት ቆይታ «ኧረ ክንዴ! ውሰድልኝ፣ ከበደኝ» አለች።

ልጁ አያለቅስም፣ አይንፈራገጥም፣ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል፣ እሱም ከፊቴ ሳይሆን ከጀርባዬ የሚመጣ ይመስላል፣ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ። እናቱን ግን ምንም አልገረማት፣ «ጨረሳችሁ?» ብላ አዝላው ወደ ጓዳ ገባች።

ሳጥኗን ባዶ ትቼ ሄድኩ፣ ምን ልጻፍ? በማግስቱ ዶክተሩ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ «ቤቱ ሳትደርስ ዛፍ ሥር ተቀምጠህ ነው የምትሞላው! ዛሬ አብሬህ እወጣለሁ፣ ልጁን ካላገኘሁት ከሥራ ትሰናበታለህ» አለኝ። ሲስተር ብትመሰክርልኝ መች ሰማ! ሌላ ሚዛን ይዘን፣ እኔ በሆዴ እየተሳደብኩ፣ ሦስታችን ያንኑ ጭቃ ወጣን።

ወይዘሮ አንጓች ደጇ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ልትነሣ መሬት ስትደገፍ ሆዷን አየሁት፣ ወሯ ገብቷል። እርጉዝ ሴት ከማዶ የምትለየው ሲስተር ዘውዲቱ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ልጅሽን አምጪው» አላት ዶክተሩ።

«የቱን ልጅ፣ ጌታዬ? የመጀመሪያዬ ይኸው ገና ሆዴ ውስጥ ነው።»

«ትናንት እነዚህ ሰዎች መጥተው አልነበረም?»

«ኧረ ማርያምን፣ ሳያቸው ገና ዛሬ ነው! ትናንትማ ይጁቤ ገበያ ነው የዋልኩት።»

ዶክተሩ በቁጣ አየኝና ቅጹን አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበ፣ «ይበልጣል፣ ሦስት ወር።»

እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። «ይህን ስም ማን ነገራችሁ? ወንድ ከሆነ ብዬ በልቤ የያዝኩት ነው፣ ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም።»

ዶክተሩ ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቁልቁለቱን ስንወርድም ከሥራ አላሰናበተኝም።

ከወር በኋላ ወንድ ወለደች ተባለ። ሦስት ወር ሲሞላው «ሄደህ መዝን» አሉኝ፣ እስከ ዳገቱ ሥር ሄጄ «ከዚህ በላይ አልወጣም!» አልኩ። ሲስተር ዘውዲቱ «ወንድ ተብለህ!» ብላ ሚዛኑን ነጥቃኝ ብቻዋን ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ሚዛኑን እዚያው ጥላ፣ ክንዷን እያሸች ተመለሰች።

«ስንት መዘነ?»

«ሂድና ራስህ መዝነው!» ብላኝ አለፈች፣ በዚያው ሳምንት ዝውውር ጠየቀች።

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል፣ በስልክ እንገናኛለን፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጉልበታችን ሕመም እናወራለን። ብቻዋን ዳገቱን የወጣችበትን ቀን ሳነሣባት ግን ዝም ትላለች፣ «ሄሎ፣ ሄሎ» እላለሁ፣ መስመሩ አልተቋረጠም።