አሮጊቷ በማን ካንዴላ ሠራች?

ጋሼ ሞተው የተገኙት ዕድሜ ልካቸውን በሚወዱት ቦታ፣ በአሮጌ የጭነት መኪናቸው ጋቢና ውስጥ ነው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ኮታቸውን አጣጥፈው ተንተርሰው፣ እንደ ወትሮው ከምሳ በኋላ ሸለብ እንዳደረጋቸው ቀሩ። የጋራዡ ትልቁ የብረት በር ተዘግቷል። የመኪናው ቁልፍ እንደተከፈተ ነው፤ ሞተሩ ግን ጠፍቷል። ቤንዚኑም አላለቀም። ሐኪሙ አየት አድርጎ «የጭስ መርዝ ነው» አለና ቦርሳውን ዘጋ።

መርማሪዋ ስትደርስ ሃምሳ አለቃው ነገሩን ጨርሶ፣ ጥፋተኛውን አስሮ፣ በራሱ ተደስቶ ነበር የጠበቃት። መርማሪዋ ድምጿን ከፍ የማታደርግ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ የገባችበትን ሳትበሳ ስለማትወጣ ነው።

«አለቀ እኮ!» አላት ሃምሳ አለቃው። «መካኒኩ ነው፤ ዶክተር የሚሉት። ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። “ይሄ ጭስ አንድ ቀን ሰው ይገድላል!” ብሎ ጮኋል። ከምሳ በኋላ የት ነበርክ ሲባል አንድ ምስክር የለውም። ነገ ፍርድ ቤት ነው። ልጆቹን እንግዲህ ማን እንደሚያሳድግለት እንጃ።»

«ያቺ የኋላ መስኮት ሁልጊዜ ክፍት ናት?»

«የቷ?»

«ያቺ። ሰው በጭስ ታፍኖ በሞተበት ቤት መስኮት ተከፍቶ ምን ይሠራል?»

ሃምሳ አለቃው መስኮቷን አየ፤ ከዚያ የገዛ ጫማውን አየ።

የጋሼ ባለቤት እትዬ ግቢው ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። በሩን ከፍተው ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«እኔ ስመጣም መስኮቷ ክፍት ነበረች» አሉ። «እሱ እንቅልፍ የሚወስደው የሞተር ድምፅ ሲሰማ ነው ልጄ። ዕድሜውን ሙሉ ነድቶ፣ ቤት አልጋው ላይ ሲገላበጥ ያድራል። እዚህ ሞተር አስነስቶ ሲጋደም ግን እንደ ሕፃን ነው። ታዲያ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ነው የሚተኛው። ይቺ መኪና ጣውንቴ ናት! “አሮጊቴ፣ አሮጊቴ” እያለ ሲያሻሻት ቅናት ይበላኝ ነበር። ይኸው በልታው አረፈች።»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ኧረ ጠብ የማያውቅ ሰው! ዶክተርን እንደ ልጁ፣ ወንድሙን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው።»

የመኪናዋ ሹፌር ፉጨት ይባላል፤ ሲነዳም ሲታጠብም ስለሚያፏጭ። ያን ቀን ግን ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«አሮጊቷ ዘይት ትጠጣለች እህቴ» አላት። «ሞተሯ አርጅቶ ዘይቱ ወደ ውስጥ እየሾለከ ይቃጠላል፤ ያ ሰማያዊ ጭስ እሱ ነው። ካንዴላ ታውቂያለሽ? ብልጭ ብላ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው፣ ጣት የምታክለው ዕቃ። ዶክተር ለአሮጊቷ የሚመርጥላት ሙቅ ካንዴላ የምንለውን ነው። ሙቀቱን ጫፉ ላይ ይዞ ስለሚቆይ የተረጨበትን ዘይት እያቃጠለ ራሱን ያጸዳል። የጋሼ ወንድም ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከሱቁ ስድስት አዲስ ይዞ መጣ፤ ቀዝቃዛውን ዓይነት። ለአዲስና ለጉልበተኛ ሞተር አንደኛ ነው። ለእሷ ግን…»

«ለእሷስ?»

«ዘይቱን አያቃጥለውም። ጥቀርሻ ይለብስና ብልጭታው ይጠፋል። ዶክተር ይህን ሲል ነው ጭቅጭቁ የተነሳው። ጭሷም ተመጥኖ ካልተያዘ ሰው ይገድላል ብሎ ጮኸ። ጋሼ ግን “የወንድሜን ግጠሙ፣ አለቀ!” አሉ። ተገጠመ። ይዣት ወጣሁ። ገበያው ጋ ሳልደርስ መንተፋተፍ ጀመረች። ስትጠፋ ሳስነሳት፣ ስትጠፋ ሳስነሳት፣ ላብ አጥምቆኝ መልሼ አስገባኋትና ምሳዬን ልበላ ሄድኩ። ሁላችንም ሄድን።»

የጋሼ ታናሽ ወንድም የመለዋወጫ ሱቅ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በመሃል የውስጥ በር አለ። መደርደሪያው ላይ አንዲት አቧራ የለችም። ሰውየው ዓይኑ አብጧል፤ ማልቀሱ እውነት ነበር።

«ወንድሜን ገደለብኝ» አለ። «መጀመሪያ ፍቅሩን ወሰደብኝ፣ ቀጥሎ ነፍሱን። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል፤ የኔ ወንድም ግን ባዳ ነው የሚወደው። እኔ የእናቱ ልጅ እዚህ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ፣ እሱ ጠዋት ሲገባ “ዶክተር መጣ?” ነው የሚለው። አንድ ቀን እንኳ “ወንድሜ መጣ?” አላለም። ሲመክር ከዶክተር፣ ሲስቅ ከዶክተር። ዛሬም ምሳ ከመሄዳቸው በፊት እዚያ ጋ ቆመው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ በዚህ በር አይቻቸዋለሁ።»

«በምን ሲስቁ?»

«በምን ይሆን? በኔ ነዋ!»

«ካንዴላዎችዎ ለአሮጊቷ አልተስማሙም ሲባል ሰማሁ።»

ሰውየው ደሙ ፈላ። «ማነው ያለው? እሱ ነው አይደል? ኮፈኑን ከፍተው ይዩ! የኔን ዕቃ ጥቀርሻ አይነካውም። ይዩና ለሁሉም ይንገሩልኝ!»

እሷም አየች። ፉጨት ኮፈኑን ከፍቶ ስድስቱንም ፈታላት። ጫፋቸው ያበራል፤ ዘይት የለ፣ ጥቀርሻ የለ። ፉጨት መዳፉ ላይ እያገላበጠ «እንዴ!» ካለ በኋላ ሌላ ሊጨምር ሲል መርማሪዋ በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

ዶክተር እስር ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ስትገባ ብድግ አለ።

«እኔ ጋሼን? አባቴን አላውቀውም እህቴ፤ እሳቸው ናቸው አባቴ። ልጆቼን ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።»

«ጠዋት የፈታሃቸውን ሙቆቹን ካንዴላዎች የት አደረግሃቸው?»

ጥያቄው ገረመው። «ሰሌዳዬ ላይ ነዋ። ስድስት ቀዳዳ ያላት ጣውላ አለችኝ። ካንዴላ ስፈታ በየተራው እሰካዋለሁ፤ አንደኛው አንደኛ ቀዳዳ፣ ሁለተኛው ሁለተኛ። እያንዳንዱ የወጣበትን ሲሊንደር ጤና ነው የሚነግረኝ፤ ከተደባለቀ ማንን ልጠይቅ? የአሮጊቷ ሰካራም ሦስተኛው ነው። የሦስተኛው ካንዴላ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ጠቁሮ ነው የሚወጣው።»

«ዛሬም በተራው ሰክተህ ወጣህ?»

«እንዴታ! ከዚያ አንድ ብረት ላስቀርጽ ቶርኖ ቤት ሄድኩ፤ ዝግ ሆነብኝ። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ምስክሬ ትራሴ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ጋራዡ ተመልሳ ሰሌዳዋን አየች። ከሁሉም የጠቆረው ካንዴላ ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ተሰክቷል።

በማግስቱ ጠዋት ከፍርድ ቤት በፊት ሁሉንም አሮጊቷ ፊት ሰበሰበቻቸው። እትዬ ወንበር ተሰጣቸው። ወንድምየው ከውስጥ በሩ ጋ ቆመ። ፉጨት የመኪናዋን ጎማ ተደገፈ። ዶክተርን ሃምሳ አለቃው በካቴና ይዞት መጣ።

«በር መዝጋት ለማንም ቀላል ነው» አለች መርማሪዋ። «ሞተሩን ያስነሱት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ ልማዳቸው ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አሮጊቷ ትላንት ከምሳ በኋላ የሠራችው በማን ካንዴላ ነው?»

«በተገጠመላት ነዋ» አለ ሃምሳ አለቃው።

«በተገጠመላትማ ገበያው ጋ እንኳ አልደረሰችም።» የሚያበሩትን ስድስት ካንዴላዎች ጨርቅ ላይ ዘረጋች። «ፉጨት፣ ጠዋት የነዳሃት በእነዚህ ነው?»

«በፍጹም! የጠዋቶቹ እስክመልሳት ድረስ ጠቁረው አልቀዋል። እነዚህ ገና ከካርቶን የወጡ ናቸው።»

«ስለዚህ ዓይነታቸው አንድ ነው እንጂ የጠዋቶቹ አይደሉም። አሮጊቷም በእነዚህ ጥቂት እንኳ ሠርታ ቢሆን ኖሮ ጥቀርሻ በለበሱ ነበር። ጋሼ ከሞቱ በኋላ የተገጠሙ ናቸው ማለት ነው። ታዲያ ሰው የሚገድል ጭስ ቤቱን እስኪሞላ ድረስ፣ አንዴም ሳትጠፋ፣ በምን ሠራች?»

ዶክተር አንገቱን ቀና አደረገ። «በሙቆቹ» አለ። «በኔዎቹ።»

«ይኸው! በገዛ አፉ!» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ቆይ እንጂ» አለችና ሰሌዳዋን ለዶክተር አሳየችው። «ይህን እየው።»

ዶክተር አንዴ አየና ካቴናው እስኪንቋቋ ተወራጨ። «ማነው የደባለቀብኝ? ሦስተኛውን ስድስተኛ ላይ የሰካው ማን ጅል ነው?»

«ሰማችሁ?» አለች መርማሪዋ። «ይህ ሰው ታስሮም የሚያናድደው ይሄ ነው። እሱ ቢነካት ኖሮ በተራው ይሰካ ነበር። ሌላ ሰው ነው። ሁላችሁም ለምሳ ስትወጡ ገብቶ የጠቆሩትን ቀዝቃዞች ፈታና ሙቆቹን ገጠመ። ጋሼ መጡ፣ አስነሱ፣ ተኙ። በሩን ዘጋባቸው። ነገሩ ሲያልቅ ሞተሩን አጠፋ። መስኮቷን የከፈታት ራሱ እዚያ ውስጥ ቆሞ መሥራት ስለነበረበት ነው። ሙቆቹን ፈትቶ ሰሌዳዋ ላይ እንደ መጣለት ሰካቸውና አዲሶቹን ገጠመ። ከዚያ ቁልፉን መልሶ ከፈተው፤ ሞተሩ በራሱ የጠፋ እንዲመስል።»

«ምን አደከመው?» አለ ፉጨት። «ሙቆቹን አይተዋቸውም ነበር?»

«ቢተዋቸው አሮጊቷ በዶክተር ካንዴላ እንደሠራች ሰው ሁሉ ያያል። የጠቆሩትን ቢመልስ ደግሞ ዶክተር ልክ እንደነበር ሰው ሁሉ ያያል። የጠቆሩትን ቢመልስ እኮ ማንም አይደርስበትም ነበር! ግን ጥቀርሻቸውን ሰው አይቶ ሲስቅ ታየውና አልቻለም። ቅናቱ እጁን ይዞ ወደ ሱቅ ወሰደው። እንዲህ ዓይነት ካንዴላ በካርቶን ያለው፣ በውስጥ በር የሚገባ፣ ደግሞም “ከፍተው ይዩ” ብሎ እኔኑ የጋበዘኝ ሰው አንድ ነው።»

ሁሉም ዞረው ወንድምየውን አዩት።

«ካንዴላ ማንም ይገዛል» አለ።

«ይገዛል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ የግድ እንዳይጠፋ ሲፈልጉ የመረጡት የራስዎን አይደለም፤ የዶክተርን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዶክተር ልክ እንደሆነ ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር።»

«ዶክተር! ዶክተር! አሁንም ዶክተር!» ጩኸቱን ቆርቆሮው አስተጋባው። «እሱ ሞቶም ወሬው ዶክተር ነው? አዎ ዘጋሁት! እኔ ነኝ የዘጋሁት! ሳቁብኝ እኮ! ወንድሜ ከባዳ ጋር ቆሞ ሳቀብኝ!»

«በፉጨት ነው የሳቅነው» አለ ዶክተር። «ላብ አጥምቆት ሲገባ ጋሼ “አንተ ነህ የነዳሃት ወይስ እሷ ናት የነዳችህ?” አሉት። በዚያ ነው የሳቅነው። ያንተ ስም አልተነሳም።»

ፉጨት እውነት ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከዶክተር እጅ ፈትቶ ወደ ወንድምየው ሄደ። ያን ጊዜ እትዬ ከወንበራቸው ተነሱ። አላለቀሱም።

«ለማንም ያልነገርኩት አለ» አሉ። «የመጨረሻ ቃሉ ስለሆነ ለራሴ ደብቄው ነበር። ከምሳ ከተመለሰ በኋላ ከጋቢናው ሆኖ ደወለልኝ። ሞተሯ ከጀርባው ይሰማኛል፣ ድምጿ አምሯል። “አንቺ፣ ጉድ ስሚ!” አለኝ። “አሮጊቷ ልጃገረድ ሆናልሻለች! የወንድሜ ካንዴላ ሠራ! ሁላችንም ስንጠራጠረው ልክ የነበረው እሱ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ጥሪው፣ በዶክተር ፊት፣ በሁላችሁም ፊት ወንድሜን ላመሰግነው ነው” አለኝ። ደስ ብሎት እየሳቀ ነው ስልኩን የዘጋው።»

ወንድምየው እጁን ለካቴናው እንደዘረጋ ቀረ። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ሁሉ ወርዶ አለቀ።

«እንደዚያ አለ?» አለ። «“ወንድሜ” አለ? እትዬ… በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

እትዬ አልደገሙለትም።